ራቭ4 (2013–2018) ወይስ ሲአር-ቪ (2012–2016)? ሳልገዛ በፊት ምን ልፈትሽ?

ሊያ_ዘ

ሰላም ለሁላችሁ። ያገለገለ መኪና ልገዛ ነው፤ ምርጫዬ ወደ ሁለት ጠቧል፦ የቶዮታ ራቭ4፣ ከ2013 እስከ 2018 የወጣው ቅርጽ፣ እና የሆንዳ ሲአር-ቪ፣ ከ2012 እስከ 2016 የወጣው። ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው። ሁለቱም ቤንዚን፣ አውቶማቲክና ኦል ዊል (አራቱም ጎማ የሚሠራ)። አብዛኛው ጉዞ አስፋልት ላይ ነው፣ አልፎ አልፎ ኮረኮንች ይኖራል። አንዴ ከገዛሁ ቶሎ አልሸጥም።

«ቶዮታ ነው፣ አትጠራጠሪ» እና «ሆንዳ ይመቻል» የሚሉትን መልሶች ጠግቤያለሁ። የትኛው ምኑ ይበላሻል? ለምን? ሳልከፍል በፊትስ በምን አውቃለሁ?

ካምቢዮ_ቤት

ሁለት ያልሻቸው መኪኖች ሲፈተሹ ሦስት ናቸው። ሲአር-ቪው 2015 ላይ ውስጡ ተቀይሯል።

ከ2012 እስከ 2014 ያለው ኬ24ዜድ7 የሚባል 2.4 ሊትር ሞተር አለው፤ 185 የፈረስ ጉልበት፣ 221 ኒውተን ሜትር። ካምቢዮው የተለመደው ባለ 5 ማርሽ አውቶማቲክ ነው። በ2015 እና 2016 ሞተሩ አሁንም 2.4፣ ጉልበቱም ያው 185 ነው። ግን ቤንዚኑ በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ የሚረጭበት ኬ24ደብሊው9 ገብቶበታል፤ ቶርኩ (የማዞር ጉልበቱ) ወደ 245 ኒውተን ሜትር ወጥቷል፤ ካምቢዮውም ሲቪቲ ሆኗል፣ ማለትም በማርሽ ፋንታ በቀበቶና በፑሊ የሚሠራ። ከውጭ ሲታዩ ግን ፓውዛና ባምፐር ነው የሚለያቸው፣ ሻጩም «ያው ነው» ይልሻል።

ራቭ4 እስከ መጨረሻው በአንድ ሞተርና በአንድ ካምቢዮ ነው የዘለቀው፦ 2.5 ሊትር 2ኤአር-ኤፍኢ፣ 176 የፈረስ ጉልበት፣ 233 ኒውተን ሜትር፣ ባለ 6 ማርሽ አውቶማቲክ። 2016 ላይ የተጨመረው ሃይብሪድ ሌላ ወሬ ነው።

ይህ ሁሉ ለሰሜን አሜሪካ የተሠሩትን ይመለከታል። ለሌላ ገበያ የወጡ ባለ 2.0 ሊትሮች አሉ፤ 2.0ው ራቭ4 ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሲቪቲ ጋር ነው የሚመጣው። ስለዚህ ከኋላ የተለጠፈውን ስም ትተሽ የሞተሩን ኮድ አንብቢ።

የእኔ ፍርድ፦ ራቭ4 2.5 እና የ2012–2014 ሲአር-ቪ እኩል ናቸው፤ የሚለያቸው የያዛቸው ሰው ነው። የ2015–2016ቱን የካምቢዮ ፈሳሽ መቀየሩን የሚያሳይ ደረሰኝ ከሌለ አልነካውም።

አሁን ካምቢዮዎቹ። ባለ 5 ማርሹ ሆንዳ የሚጠጣው ዲደብሊው-1 የሚባል የካምቢዮ ፈሳሽ ነው። ሲያረጅ የሚያሳየው ምልክት፦ በሰዓት ከ40 እስከ 80 ኪሎ ሜትር ላይ፣ ነዳጅ በስሱ እንደረገጥሽ፣ መኪናው ለአንድ ሁለት ሰከንድ ጥርስ ጥርስ ባለው መንገድ ላይ እንደሚሄድ ይንቀጠቀጣል። የሚንቀጠቀጠው ሞተሩንና ካምቢዮውን በቀጥታ የሚያያይዘው የኮንቨርተሩ ፍሪሲዮን ነው፤ ፈሳሹ ስለደከመ ይዞ ይለቃል። ቶሎ ከተደረሰበት በፈሳሽ ቅያሪ ይድናል። አንዴ ሲደፋ ግን የሚወጣው 2.5 ሊትር ገደማ ብቻ ነው፣ በጠቅላላው ያለው ከ6 እስከ 7 ሊትር ሲሆን ቀሪው ኮንቨርተሩ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ደፍቶ መሙላት፣ ማርሾቹን ሁሉ እያስገቡ መንዳት፣ እንደገና መድፋት፤ ሦስት ዙር። ከሦስተኛው በኋላ ከአሮጌው የሚቀረው ከአምስት አንድ እስከ ሩብ ነው። መድፊያው ቡሎን ማግኔት አለበት፤ ግራጫ ለስላሳ ጭቃ ጤነኛ ነው፣ የሚወጋ የብረት ስባሪ ግን መኪናውን ትተሽ እንድትሄጂ የሚያዝ ነው።

የራቭ4ው ደብሊውኤስ የሚባለውን ይጠጣል፣ መለኪያ ዘንግ የለውም። ልኩ የሚታወቀው መኪናው በደልዳላ ቦታ ሞተሩ እየሠራ፣ ፈሳሹ ከ40 እስከ 45 ዲግሪ ሲሆን፣ ከሥር ባለው መፍሰሻ ቀዳዳ ጠብ ጠብ ማለቱ ሲታይ ነው። ሙቀቱን በማሽን ሳያነቡ «በዓይኔ ልኬዋለሁ» የሚል መካኒክ ወይ ያጎድለዋል ወይ ያበዛዋል። ማርሽ ሲቀይር ከሚመታ ራቭ4 ጀርባ አብዛኛውን ጊዜ ይሄ አለ።

ደረቅ_ሙከራ

ካምቢዮ_ቤት፣ ሲቪቲውን በአንድ መስመር ቀበርከው። ለምን ብዬ ልጠይቅ? በአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ልኬት የ2012–2014 ኦል ዊል ሲአር-ቪ እና ኦል ዊሉ የ2013 ራቭ4 እኩል ናቸው፣ በድምሩ በ100 ኪሎ ሜትር 9.4 ሊትር ገደማ። የ2015ቱ ወደ 8.4 ወርዷል። አንድ ሊትር በየመቶው ብዙ ለሚነዳ ሰው ቀላል አይደለም። ሲቪቲው ዳገት ላይ ማርሽ ሲፈልግ አይዋልልም፣ ቶርኩም ከሦስቱ ይበልጣል።

የ2015ቱ የታወቀ ችግር ካምቢዮው ሳይሆን ንዝረቱ ነው፤ ሆንዳ ራሱ አምኖ ማስተካከያ አውጥቶለታል። ሊያ፣ እንዲህ ሞክሪው፦ ሞተሩ በደንብ ይሙቅ። ማርሹ ዲ ላይ፣ እግርሽ ፍሬን ላይ፣ ኤሲውና የፊት መብራቱ በርተው አንድ ደቂቃ ቁሚ። መቀመጫውና መሪው ያንቀጠቅጡሻል? ወደ ኤን አውጪው። ኤን ላይ ከጠፋ ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይረገጥ ያለው የሞተር ዙር) ዝቅ ሲል የሚመጣው የታወቀው ንዝረት ነው፤ ያናድዳል እንጂ አያቆምሽም። ኤን ላይም ከቀጠለ ግን ካንዴላ፣ ኮይል ወይም የሞተር ጎሚኒ ነው፣ መመርመር አለበት።

ካምቢዮ_ቤት

የነዳጁን ቁጥር አልክድም። የምፈራው ቀደም ሲል የነካውን እጅ ነው። ሲቪቲው ውስጥ የብረት ቀበቶ በሁለት ፑሊ መሃል ተጨምቆ ነው ጉልበት የሚያስተላልፈው፤ እንዳይንሸራተት የሚያደርገው ኤችሲኤፍ-2 የሚባለው ፈሳሹ ነው። አንድ ሰው «አውቶማቲክ ነው» ብሎ ዲደብሊው-1 ወይም ሌላ የተገኘውን ከሞላበት ቀበቶው ይንሸራተታል፣ ፑሊው ይቧጨራል፤ ከዚያ በኋላ ትክክለኛውን ብትሞዪበትም ጭረቱ አይጠፋም። ባለ 5 ማርሹ እንዲህ ያለውን ስህተት ይበልጥ ይታገሣል። ደረሰኝ ካለ፣ ደረሰኙ ላይም የፈሳሹ ስም ካለ፣ ክርክር የለኝም።

ቫልቮ_ሰሚ

ሁለታችሁም ካምቢዮ ላይ ተጣብቃችሁ ሞተሩን ረሳችሁት።

ሊያ፣ መኪናውን ስታዪ ሞተሩ ቀዝቃዛ መሆን አለበት። እንደደረስሽ ኮፋኖውን በእጅሽ ንኪው። ሞቅ ካለ ሌላ ቀን ተመለሺ። ሻጩ «እንዳትቸገሪ አሙቄ ጠበቅኩሽ» ካለም በተለይ ተመለሺ።

ከዚያ ጓደኛሽ ቁልፉን ያዙር፣ አንቺ ከፊት ቆመሽ ስሚ። የ2012–2014 ሲአር-ቪ እንደተነሣ ለአንድ ሁለት ሰከንድ የሚፋጭ ብረት ድምፅ ካሰማ የመግቢያ ካም ሻፍቱን (ቫልቮዎቹን የሚከፍተውን ዘንግ) ጊዜ የሚያስተካክለው ቪቲሲ ነው። ሞተሩ ሲጠፋ እንዳይነቃነቅ የሚቆልፈው ፒን ተበልቷል፤ የዘይት ግፊት እስኪደርስ ይንገጫገጫል። ሞተሩን ነገ አይገድለውም፣ ግን ራሱን አያድንም። ራቭ4ውም የዚህ ዘመድ ድምፅ አለው፣ ከመግቢያው ካም ጊር የሚመጣ፣ አጭር። ድምፁ ከሦስት አራት ሰከንድ በላይ ከዘለቀ ወይም ሞቆም ከቀጠለ ወደ ሰንሰለቱና ወደ መወጠሪያው መሄድ ነው፤ ያ ደግሞ ዘይት ሳይቀየር እንደቆየ ይናገራል። ሁለቱም ሰንሰለት ናቸው፣ የሚቀየር የጎማ ቀበቶ ካሙ ላይ የላቸውም።

ሰዎች የማይነግሩሽ ልዩነት፦ 2ኤአር-ኤፍኢ የቫልቮውን ክፍተት በዘይት ግፊት ራሱ ያስተካክላል። ኬ24 ግን በቡሎንና በዳዶ በእጅ ነው የሚስተካከለው። ሞተሩ ከ38 ዲግሪ በታች ቀዝቅዞ፣ የመግቢያው ከ0.21 እስከ 0.25 ሚሊ ሜትር። የመውጫው ሰፋ ይላል፣ እንደ ሞተሩ ኮድ ከመመሪያው ይታያል። ሰው ሁሉ የሚፈራው የሚንኳኳ ቫልቮ ነው፤ የሚያቃጥለው ግን ዝም ያለው ነው። የመውጫ ቫልቮ መቀመጫው ላይ እየጠለቀ ሲሄድ ክፍተቱ ይጠባል፣ ድምፁ ይጠፋል፣ ቫልቮው በደንብ ስለማይዘጋ ሙቀቱን ወደ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ማስተላለፍ ያቅተዋል፣ ጠርዙም ይቃጠላል። ካንዴላ በሚቀየርበት ጊዜ ክፍተቱም ይታይ ማለት ለዚህ ነው። ብዙ የተነዳ ሲአር-ቪ ላይ ይህ ሥራ ተሠርቶ እንደሆነ ጠይቂ፤ «ምንድን ነው እሱ?» ካሉሽ መልሱን አገኘሽ።

ሌላው፣ በቀጥታ የሚረጨው የ2015–2016 ሞተር ላይ ቤንዚኑ የመግቢያ ቫልቮዎቹን ጀርባ ስለማያጥብ ካርቦን ይጋገርባቸዋል። ራቭ4ውና የቀደመው ሲአር-ቪ ከቫልቮው በፊት ስለሚረጩ ይህ ጣጣ የለባቸውም።

ዘይቱ ለሁለቱም 0ደብሊው-20 ነው። ከፊልትሮ ጋር ራቭ4 4.4 ሊትር፣ የ2012–2014 ሲአር-ቪ 4.2 ሊትር። የሲአር-ቪው ፊልትሮ ተጠምዝዞ የሚገባው ዓይነት ነው። የራቭ4ው በክዳን ውስጥ የሚቀመጥ ወረቀት ነው፤ ክዳኑ 25 ኒውተን ሜትር ብቻ ነው የሚፈልገው። በጉልበት ያጠበቁት ክዳን ጠርዙ ተልጦ ወይም ተሰንጥቆ ታገኚዋለሽ፣ ዙሪያውንም ዘይት ያልበዋል።

እግረ መንገዴን፦ «ራቭ4 ዘይት ትበላለች» የሚለው ወሬ ከ2006 እስከ 2008 ከነበረው 2.4 ሊትር 2ኤዜድ-ኤፍኢ የመጣ ነው። ፒስቶኑና ፋሻው ላይ ችግር ነበረው። ይህኛው ሌላ ሞተር ነው።

ሊያ_ዘ

ይሄን ነበር የፈለግኩት፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ኦል ዊሉ እንደሚሠራ በምን አውቃለሁ? ጭቃ ፈልጌ ልግባ?

አራት_እግር

ጭቃ አያስፈልግም፣ ሰፊ ባዶ ቦታ ይበቃል።

ሁለቱም በመደበኛው ጊዜ በዋናነት ከፊት ነው የሚጎትቱት፤ የፊቱ ሲንሸራተት ወይም ኮምፒውተሩ አስቀድሞ ሲያስፈልግ የኋላውን ያያይዛሉ። አሠራራቸው ግን ይለያያል። ሲአር-ቪው ከኋላ ዲፈረንሻሉ ጋር ያለውን ፍሪሲዮን በኤሌክትሪክ ፖምፓ በሚፈጠር የፈሳሽ ግፊት ያጣብቀዋል። ራቭ4ው በኤሌክትሮማግኔት ነው።

ሲአር-ቪውን ካሞቅሽው በኋላ መሪውን እስከ ጥጉ አዙረሽ በዝግታ ክብ ዙሪ፣ በቀኝም በግራም። ከኋላ የሚያጉረመርም ወይም የሚያንገጫግጭ ነገር ከተሰማ የዲፈረንሻሉ ፈሳሽ አልቆበታል። የሚገባው የሆንዳ ዱዋል ፓምፕ 2 ፈሳሽ ነው፣ 1.2 ሊትር ገደማ። አብዛኛውን ጊዜ ተቀይሮ ትንሽ ሲነዳ ድምፁ ይጠፋል። እዚህ ላይ ተራ የዲፈረንሻል ዘይት የሞላበት ሰው ፍሪሲዮኖቹን ገደላቸው ማለት ነው። ሲቀየር ደግሞ መጀመሪያ የሚፈታው የላይኛው የመሙያ ቡሎን ነው። የታችኛውን ደፍተሽ የላይኛው አልፈታ ካለ መኪናው እዚያው ይቀራል።

ራቭ4ው ላይ ሁለት ቦታ አለ፤ ከፊት ከካምቢዮው ጋር ያለው ማከፋፈያ እና የኋላ ዲፈረንሻል። እያንዳንዳቸው ግማሽ ሊትር ገደማ፣ 75ደብሊው-85 ጂኤል-5። ግማሽ ሊትር ትንሽ ስለሆነች በሲሉ ትንሽ ስትፈስ ቶሎ ትጎድላለች። ከሥር ገብተሽ ሲሎቹ አካባቢ እርጥበት እዪ። ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን የሎክ ቁልፍ ተጫኚ፤ መብራቱ መብራት አለበት፣ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ስታልፊ ራሱ ይለቃል። ሎክ ላይ ሆኖ በደረቅ አስፋልት ጠባብ ዙር ሲዞር የሚተናነቅ ከሆነ የኋላው መያያዙን እያሳየሽ ነው፤ አንዴ አይተሽ አጥፊው።

አራቱን ጎማዎች በጥንቃቄ እዪ። ሁለት አዲስ ከፊት፣ ሁለት የተላጨ ከኋላ ከሆነ ዙሪያቸው እኩል ስላልሆነ ኮምፒውተሩ እንደ መንሸራተት ያየዋል፣ ፍሪሲዮኑም ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ሳይቀር ይሞቃል። በአራቱ መካከል ከ2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር በላይ የጥርስ ልዩነት ካለ የጎማ ወጪ እንዳለብሽ ቁጠሪ።

ጎማ_ሜዳ

እስካሁን የተጻፈው አብዛኛው «ፈሳሹን ቀይሩ» ነው። 🙂 ከሥር ስላለው እግርስ? ሲአር-ቪ ላይ የፊት የታችኛው አርም (ጎማውን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዘው ክንድ) የኋላ ቦኮላ፣ ማለትም የላስቲክ መደገፊያው፣ ይቀደዳል። ፍሬን ስትይዢ መኪናው ወደ አንድ ጎን ይስባል ወይም «ጓ» ይላል። ክሪክ ሳያስፈልግሽ በባትሪ መብራት ከጎማው ጀርባ እዪ፤ የቦኮላው ላስቲክ ተሰንጥቆ መሃሉ ያለው ብረት ወደ አንድ ጠርዝ ካጋደለ አልቋል።

ኮድ_አንባቢ

ርካሽ የኦቢዲ ማንበቢያ (የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ መሣሪያ) ይዘሽ ሂጂ። «ኮድ (የብልሽት መልእክት) የለም» የሚለውን አትመኚ፤ ኮድ በአንድ ቁልፍ ይጠፋል። የምታዪው ሪዲነስ የሚባለውን፣ መኪናው ራሱን ፈትሾ መጨረሱን የሚያሳየውን ክፍል ነው። ካታሊቲክ፣ ኦክስጅን ሴንሰር፣ የነዳጅ ትነት የመሳሰሉት «አልተጠናቀቀም» ካሉ ወይ ኮዱ በቅርቡ ተሰርዟል ወይ ባትሪው ተነቅሏል። ሻጩ ለጥቂት ቀን እንዲነዳው ጠይቂና ተመልሰሽ እዪ።

ከዚያ ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ ላይ ሎንግ ተርም ፊውል ትሪምን (ኮምፒውተሩ ነዳጁን ምን ያህል እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ የሚያሳየውን) አንብቢ። ከዜሮ በሁለቱም አቅጣጫ እስከ 10 በመቶ ያለው አያስጨንቅም። ወደ ፕላስ ብዙ ከሄደ አየር ከአንድ ቦታ እየገባ ነው ወይም ነዳጅ እያነሰው ነው።

የሻንሲ ቁጥሩን በሰነዱ፣ በመስታወቱ ሥርና በስፖርቴሎው ላይ አመሳክሪ። በሰሜን አሜሪካ መኪኖች አሥረኛው ፊደል የሞዴል ዓመቱ ነው፦ ሲ 2012፣ ዲ 2013፣ ኢ 2014፣ ኤፍ 2015፣ ጂ 2016፣ ኤች 2017፣ ጄ 2018። የእንግሊዝኛዋ አይ ከአንድ ቁጥር ጋር ስለምትምታታ ተዘልላለች። ካምቢዮ_ቤት ያለውን የ2014ና የ2015 ልዩነት በዚህ ትለይዋለሽ።

ውሃ የገባበት እንዳይሆን የደህንነት ቀበቶዎቹን እስከ መጨረሻ ጎትቺ። የጭቃ መስመር ያለው ቀበቶ ቢታጠብም ጫፉ ላይ ይቀራል።

ሽቦ_ፈታሽ

ከ2013 እስከ 2018 ያለው ራቭ4 ላይ አንድ የግድ የሚታይ ነገር አለ፣ ባትሪው። ቶዮታ በኖቬምበር 2023 በአሜሪካ ከእነዚህ ውስጥ 1.8 ሚሊዮን የሚሆኑትን ለጥገና ጠርቷል። ምክንያቱ፦ ምትክ ሆነው የሚገቡ አንዳንድ ባትሪዎች አናታቸው አነስ ይላል። ማሰሪያው በትክክል ካልጠበቀ ባትሪው መኪናው ሲታጠፍ ይንሸራተትና የፕላሱ ጫፍ ማሰሪያውን ይነካል፤ ከዚያ ሾርት፣ ከዚያ እሳት። ኮፋኖውን ከፍተሽ ባትሪውን በሁለት እጅሽ ወዝውዢው። ትንሽ እንኳ ከተነቃነቀ ሳይስተካከል አትንጂው። የፕላሱ ጫፍ ክዳን መኖሩንም እዪ።

ደረቅ_ሙከራ

አንድ ነገር ልጨምር፣ ማንም ስላላነሳው። በአሜሪካው የመድን ድርጅቶች የደህንነት ተቋም፣ የመኪናው የፊት ጥግ ብቻ በሚመታበት ሙከራ፣ የ2013 ራቭ4 ዝቅተኛውን ውጤት ነው ያገኘው። የ2012–2014 ሲአር-ቪም ከዚያ አንድ ደረጃ ብቻ ከፍ ይላል። በ2015 ሞዴል ሁለቱም ተጠናክረው ጥሩ የሚለውን ደረጃ አግኝተዋል። ስለዚህ ራቭ4 ከሆነ ምርጫሽ 2015ን ወይም ከዚያ በኋላ ያለውን ፈልጊ፤ ሞተርና ካምቢዮው ያው ስለሆነ የምታጪው ነገር የለም። ሲአር-ቪ ላይ ግን የተሻለው አካል ከሲቪቲው ጋር ነው የሚመጣው።

ካምቢዮ_ቤት

ይሄኛው በደንብ ነክቶኛል። እኩል ያልኩትን አንሥቻለሁ፤ ከ2015 ወዲህ ያለ 2.5 ራቭ4 ይቀድማል።

ሊያ_ዘ

ሁለት መኪና አይቼ ተመለስኩ። አንደኛው የ2015 ራቭ4 ነው፦ ባትሪው አይነቃነቅም፣ ሪዲነሱ ሙሉ ነው፣ ማርሹ አይመታም፤ ግን ከሞተሩ በቀበቶው በኩል ፖምፓው ዙሪያ የደረቀ ሮዝ ቅርፊት አለ። ሁለተኛው የ2013 ሲአር-ቪ፦ ሲነሣ ያ የሚፋጨው ድምፅ አለው፣ ሌላው ሁሉ ንጹሕ ነው። የትኛው ወጪ ይሻለኛል?

ቫልቮ_ሰሚ

ራቭ4ው። ሮዙ ቅርፊት የቶዮታ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ነው፤ የውሃ ፖምፓው ሲል እያለቀ በማንጠብጠቢያው ቀዳዳ ሲወጣ እንደዚያ ይደርቃል። በዚህ ሞተር ላይ የታወቀ ነው። ፖምፓው ከውጭ ስለተቀመጠ ሞተሩ አይከፈትም፤ ቀበቶ ይወርዳል፣ ፖምፓው ከነጓርኒሲዮኑ ይቀየራል፣ ቀበቶውም አብሮ ቢቀየር ጥሩ ነው። ሲአር-ቪው ላይ ግን የቫልቮ ክዳኑ ይነሣል፣ ሰንሰለቱ ተይዞ ነው ቪቲሲው የሚወጣው። በዚያ መሃል ሰንሰለቱ ጥርስ ከዘለለ ፒስቶንና ቫልቮ ይገናኛሉ።

ግን ከመስማማትሽ በፊት፣ ራቭ4ው ውሃ ጎድሎበት ሞቆ የነበረ እንዳይሆን አረጋግጪ። ሞተሩ ቀዝቅዞ የራዲያተሩን ክዳን ክፈቺ፤ ፈሳሹ እስከ አፉ ሞልቶ ሮዝ መሆን አለበት። ዝገት የመሰለ ቡኒ ወይም ንጹሕ ውሃ ከሆነ አንድ ሰው ሲያጎድልበት ሲሞላ ከርሟል። ሥርዓቱን በእጅ ፖምፓ ግፊት ሰጥተው ሩብ ሰዓት ያቆዩት። መለኪያው ከወረደ ከውጭ የሚንጠባጠበውን ፈልጉ። ከውጭ ምንም ሳይታይ ከወረደ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ነው፣ ያን ጊዜ ሲአር-ቪውን ውሰጂ።

ካምቢዮ_ቤት

ፖምፓው ሲቀየር የሚሞላው ያው የቶዮታው ሮዝ ይሁን፣ አረንጓዴ አይቀላቀልበት። ከተሞላ በኋላ የመኪናው ማሞቂያ እስከ መጨረሻ ተከፍቶ ፋኑ ሁለቴ እስኪነሣ ይሥራ፤ ቀዝቅዞ ሲጎድል ይጨመርበት። ዳሽቦርዱ ውስጥ ውሃ የሚንቦጫረቅ ድምፅ ከሰማሽ አየሩ ገና አልወጣም።